የስንደዶዋ ጫፍ

ጎጃም ሲነሳ ቅኔው ይነሳል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እየተባለ መምህራኑ ይወደሳሉ። የባለቅኔውን አፍ መጀመሪያ የፈታው ንባብ ቤት ግን ስሙን የሚያነሳለት የለም። እኔን ከሰምና ወርቁ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የአምስት ዓመት ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ጥበብ ነው።

አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ እሷም ሁለት ዓይነት የሕፃናት ትምህርት ታውቃለች፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የኔታ የሚያስቆጥሩትንና ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋውን፣ ከአንደኛ ክፍል የሚቀድመውን ዜሮ ክፍል።

«ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ዜማ ነው። ልጅ ቶሎ በቃሉ ይይዘዋል፤ ፊደሏን ግን ላያውቃት ይችላል። ከ«ለ» ቀጥላ «ሉ» እንደምትመጣ ዜማው ይነግረዋላ! አቡጊዳ ይህችን መሸሸጊያ ያሳጣዋል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። የመጀመሪያዋ ከአ ቤት ግዕዝ፣ ሁለተኛዋ ከበ ቤት ካዕብ፣ ሦስተኛዋ ከገ ቤት ሣልስ፤ በተራመደ ቁጥር ቤቱም ድምፁም አብረው ይለወጣሉ። ቀጣዩ ረድፍ ከበ ይነሳል፦ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። እንዲህ እየተንሸራተተ ሲወርድ ከ182ቱ የግእዝ ፊደላት አንዷም ሳትደገም፣ አንዷም ሳትቀር ይዳረሳሉ። አ ከገበታው አናት ተቀምጣ፣ ተከታይዋ ኡ የምትገኘው ከግርጌው ረድፍ ነው። የቤቶቹ ተራ ከዕብራይስጡ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ጋር ይገጥማል፤ ሰያፍ አካሄዱን የቀመረው ሰው ግን ልጅ አስተምሮ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል። ከላይ ቢጠቁም እጁ ፊደሏን ይሸፍንበታል፤ ስለዚህ ስንደዶዋን ከሥሯ ያሳርፋል። ሙያ ያላቸው የኔታ ጆሯቸው ልጁ አፍ ላይ፣ ዓይናቸው ስንደዶዋ ጫፍ ላይ ነው። በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ አፉ ይቀድማል፤ «ዳ» ሲል ስንደዶዋ ገና ጊ ላይ ናት። የሚያነብ ልጅ ስንደዶዋ ቀድማ ትደርስና ጥቂት ትቆማለች፤ ድምፁ ከዚያ ይከተላል።

ዌ ላይ ቢደናቀፍ አይነግሩትም።

«ሂድና ከቤቷ አምጣት።»

ልጁ ወደ ሀሁው ይመለስና ወ፣ ዉ፣ ዊ፣ ዋ እያለ ይደርስባታል። «ዌ ናት፣ የኔታ!» «በል ቀጥል።» በማግስቱ ከአ ሳይሆን ከዚያችው ከተደናቀፈባት ረድፍ ያስጀምሩታል። አቡጊዳውም ውሎ አድሮ በቃል መያዙ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስኬዱታል። ሦስት ልጆች አንዲት ፊደል ላይ ከቆሙ ደግሞ ነገሩ የልጆቹ አይደለም፤ አስቆጣሪው አቆጣጠሩን መመርመር አለበት። (ኩርኩምና አለንጋን ከዚህ ሙያ አልቆጥራቸውም። እጁ በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ስንደዶዋ ለመምህሩ ምንም አትነግረውም።)

ዜሮ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ብዙውን ጊዜ ሀሁው ብቻ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይለዋል፣ የማን አፍ እንደቀደመ አይለይም። ልባም መምህርት አቡጊዳ ባይኖራትም መላ አታጣም። ቆርኪ ላይ ፊደል ጽፋ በጣሳ ታቀላቅልና እያንዳንዱን ልጅ አንድ አንድ ታስወጣዋለች። የታወቀው ወደ ጣሳው ይመለሳል፣ ያልታወቀው ለብቻው ይቀመጣል። በትምህርት ዕቅዱ ግርጌ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ «ግቡ ተሳክቷል» ብሎ መሙላት የተለመደ ነው። እሷ «ሸ፣ ቸ፣ ኘ» ብላ ብትጽፍ ይበቃታል። ሦስቱም ከሰ፣ ከተና ከነ የሚለዩት በአናታቸው ባለች ጭረት ብቻ ነውና፣ ነገ ቆርኪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ታቀርባቸዋለች።