«መጭመቅ» ወይስ «ማመቅ»? ስለ መረጃ እመቃ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

የኮምፒውተር ሙያ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች፣ ሰፊ ቦታ የያዘ መረጃ በጥቂት ቦታ እንዲወሰን ማድረግን «መጭመቅ» ማለትን ለምደዋል። ቃሉ ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ለተርጓሚም ይቀልላል። በእኛ አስተያየት ግን ስያሜው የተሰየመውን ነገር ጠባይ የሚያፋልስ ስለሆነ፣ ሥር ሳይሰድ ሊመረመር ይገባዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በምዕራብ ሐረርጌ፣ በቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኘው የአሰቦት ስም በአራት ፊደል ይጻፋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ገብቷል፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ «አሰቦት» 12 ባይት ነው፤ ይኸውም 225፣ 138፣ 160፤ 225፣ 136፣ 176፤ 225፣ 137፣ 166፤ 225፣ 137፣ 181። 225 አራት ጊዜ መደጋገሙን አንባቢ ያስተውል። በዚያው ጽሑፍ ቀጥሎ «አሰበ ተፈሪ» (የዛሬዋ ጭሮ) ቢመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ባይቶች ከ«አሰቦት» ጋር አንድ ናቸው። ዴፍሌት የተባለው ዘዴ እነዚህን እንደገና በመጻፍ ፈንታ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመልሰህ ስምንት ባይት ቅዳ» የሚል አጭር ምልክት ሊያኖር ይችላል። ስምንቱ ባይቶች ሁለት ሙሉ ፊደልና የ«በ» ሁለት ሦስተኛ መሆናቸውን ሲያይ የቋንቋ ባለሙያ ፈገግ ይል ይሆናል፤ መሣሪያው ሥርወ ቃል አያውቅም፣ የፊደል ወሰንም አያከብርም። ሆኖም አንዳች የጠፋ ነገር የለም። ተቀባዩ መልሶ ሲዘረጋው 12ቱም፣ የተከተሉትም ባይቶች እንደነበሩ ይገኛሉ።

«መጭመቅ» ግን ማጉደልን ያሳስባል። ከሎሚ ጭማቂው ይወሰዳል፣ ልጣጩ ይጣላል። «ጭምቅ ሐሳብ» ስንልም ዝርዝሩ ቀርቶ ፍሬው የተወሰደ ማለታችን ነው። በዚያው በሐረርጌ በሚነገረው ኦሮምኛም «ጩንፋ» ጭማቂም፣ አጠር ያለ ሐተታም ነው፤ ፍቹ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ መንገድ ተከትሏል። እንግዲህ የሒሳብ መዝገብ የያዘ ሰው «መረጃህ ተጨምቆ ይላካል» ቢባል፣ አሐዝ እንዳይጎድልበት መስጋቱ የቋንቋ ስሜቱ ትክክል መሆኑን ያሳያል እንጂ አላዋቂነቱን አያሳይም።

«ማመቅ» ከዚህ ነጻ ነው። ጥጥ በጆንያ ታምቆ ከአሰቦት ጣቢያ ቢጫን፣ ድሬዳዋ ሲወርድ ጆንያው ሲፈታ እንደ ቀድሞው ይነፋል፤ ሎሚ ተጨምቆ ቢላክ ግን ሎሚ ሆኖ አይመለስም። «እምቅ» በፊዚክስ ገና ላልተገለጠ ኃይል ስለተወሰደ ይጋጫል የሚሉ አሉ፤ ለእኛ ግን ተጠብቆ የሚቆይ፣ በኋላም የሚወጣ ነገር የሚለው አሳብ ለሁለቱም ይስማማል። «መጠቅለል» የሚለው ሦስተኛ አማራጭ ብዙ አያከራክርም፤ የጠቀለሉት ዕቃ መጠኑ አይቀንስም። «መጭመቅ»ም ቢሆን ቦታ አያጣ፤ ጄፔግ የተባለው የሥዕል ዘዴ ዓይን የማያስተውለውን በእርግጥ ስለሚጥል፣ ለእርሱ የተገባ ቃል ነው።

የተቃራኒው ስያሜ የበለጠ ያሳስበናል። ብዙዎች «መፍታት» ይላሉ። ጆንያ ይፈታል፣ ምስጢርም ይፈታል፤ ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሪች የተባለ የጥቃት ዘዴ ይፋ ሆነ። የተጠቃሚውን ቃል መልሶ የሚያሳይና ምስጢርንም የያዘ ገጽ ታምቆ ሲላክ፣ አጥቂው ግምቱን እያስገባ የምላሹን ርዝመት ይለካል፤ ግምቱ ከምስጢሩ ጋር ሲገጥም ድግግሞሽ ስለሚፈጠር ምላሹ ያጥራል። ምስጢራዊው ጽሕፈት ሳይፈታ ምስጢሩ ታወቀ ማለት ነው። ለእመቃም ለምስጢርም «መፍታት»ን የተጠቀመ ተርጓሚ ይህን አንቀጽ እንዴት አድርጎ ይጽፈዋል? ስለዚህ ለእመቃ ተቃራኒ «መዘርጋት» ይሁን።

እመቃው ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ከሰርቨሮች ፊት ቆሞ ጥያቄ በሚቀበል መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ «ተገላቢጦሽ ወኪል» ብሎ መተርጎም ቃል በቃል መሄድ ነው። በአማርኛ «የተገላቢጦሽ» የሚባለው ሥርዓቱ የተፋለሰ ነገር ሲያጋጥም ነው፤ ይህ ግን ሥርዓት አስያዥ ነው። እኛ «አጋፋሪ»ን እናቀርባለን። አጋፋሪ እንግዳውን ከደጅ ተቀብሎ ያስገባል፣ ቦታ ቦታውን ያስይዛል፤ እንግዳውም የጓዳውን ሥራ አያይም። የግብር ቤት ጠረን አለበት የሚል ይኖራል፤ አለበት፣ ግን ያረጀን ቃል ለአዲስ ሥራ መጥራት ከባዕድ ቃል ውሰት ይሻላል።

ምንጫቸው ክፍት ከሆኑት መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤንጂንክስ የሚወጣውን ምላሽ ያምቃል እንጂ፣ ታምቆ የመጣን ጥያቄ በራሱ አይዘረጋም። ኤችኤ ፕሮክሲ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ምላሽን ብቻ ሲያምቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 2.8 እትሙ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውንም ጥያቄ እንዲያምቅ ተደርጓል። ልዩነቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም። አንባቢው ጥያቄውን ሲልክ የትኛውን የእመቃ ዓይነት እንደሚቀበል አብሮ ስለሚናገር፣ ምላሽ ሰጪው አውቆ ያምቃል። ጥያቄን አምቆ የሚልክ ግን የሰርቨሩን ችሎታ አስቀድሞ አያውቅም፤ ካልተስማማ 415 የሚል የእምቢታ ቁጥር ይመለስለታል። በመመሪያ ትርጉም ውስጥ «መልእክቱ ይታመቃል» ብሎ ማለፍ ይህን ሁሉ ይደፍናል፤ የጥያቄው ወይስ የምላሹ እመቃ እንደሆነ፣ የሚያምቀውም አጋፋሪው ወይስ ሰርቨሩ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። የአማርኛ ግስ ተደራጊው በሚነገርበት ጊዜ አድራጊውን ለመደበቅ ምቹ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ከዚህ ላይ «ያምቃል»ን ከ«ይታመቃል» እንዲያስቀድም እንጠይቃለን።