ያላለቀ ስፌት

በሐረር የጀጎል ግንብ ውስጥ ሐረሪ ቤት የገባ እንግዳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ስፌቶች ላይ ነው። ያለቀ ስፌት ግን ውበቱን እንጂ አሠራሩን አያሳይም። ጥበቡን ማየት የሚሻ ሰው ዙሩ ገና ግማሽ የደረሰውን፣ ወስፌ የተሰካበትን ስፌት አንስቶ ቢያገላብጥ ይሻለዋል።

የወንድ ዘር ህዋስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የጨቅላ አይጥን የዘር ፍሬ የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በጎልማሳው አይጥ ጀማሪው፣ መንገድ ላይ ያለውና ያለቀለት ህዋስ ሁሉ ተደባልቀው ይገኛሉ። በጨቅላው ግን ሥራው ገና መጀመሩ ስለሆነ በየጥቂት ቀኑ አንድ አዲስ ደረጃ ይጨመራል።

ይህን ለማየት በመጀመሪያ የሰው እጅ መጠበብ አለበት። የዘር ፍሬው ቡዊን በሚባል ቢጫ ፈሳሽ ይነከራል፤ ፎርማሊን ብቻውን ህዋሶቹን አኮማትሮ ቅርጻቸውን ያበላሻልና። ከዚያ በሰም ተሞልቶ የአንድ ሚሊሜትር 1/200ኛ ያህል እስኪሳሳ ይቆረጣል። ሄማቶክሲሊን የተባለው ቀለም የህዋሱን አስኳል ሰማያዊ፣ ኢዮሲን ዙሪያውን ሮዝ ያደርገዋል። ቀለም ከሌለ እንደ አለላ የሚለይ ነገር የለም።

ማይክሮስኮፑ ሥር የዘር ህዋስ የሚሠራባቸው ቱቦዎች ተቆርጠው እንደ ክብ ሰፌድ ይታያሉ። ስፌት ከመሃል ተነስቶ ወደ ጠርዝ ይሰፋል፤ የዘር ህዋስ ግን ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል ይሠራል። አይጡ በተወለደ በ6ኛው ቀን ጠርዙ ላይ ያሉት እናት ህዋሶችና ደጋፊዎቻቸው የሰርቶሊ ህዋሶች ብቻ ናቸው። በ10ኛው ቀን ገደማ አንዳንዶቹ ክሮሞሶማቸውን በግማሽ የሚቀንሰውን ክፍፍል ይጀምራሉ። በ14ኛው ቀን ክሮሞሶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወፍረው ይታያሉ። በ20ኛው ቀን ግድም ትንንሽ ክብ ህዋሶች ወደ መሃል ብቅ ይላሉ። እነዚህ ከእንግዲህ አይከፈሉም፤ ቅርጻቸውን ብቻ ይለውጣሉ። ጭራ ያወጣሉ፣ ራሳቸው እንደ ማጭድ ይታጠፋል፣ ትርፍ አካላቸውን አራግፈው ይጥላሉ። በ35ኛው ቀን አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ተጠናቀው ይለቀቃሉ። በሰው ይኸው ሥራ ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል።

እጅግ የማደንቀው ግን ዓይን በቀላሉ የማያየውን ነው። አንዱ ህዋስ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱ ፈጽመው አይለያዩም፤ በመካከላቸው ቀጭን ድልድይ ይቀራል። የኤክስ ክሮሞሶም ያልደረሰው ህዋስ የጎደለውን ከወንድሙ በዚያ ድልድይ ይካፈላል። ጥሩ ሰፊ አዲስ አክርማ ስትቀጥል ቋጠሮው እንዳይታይ የምትጠነቀቀውን ያህል፣ እዚህም መጋጠሚያው ሥራውን አያቋርጥም። የሰርቶሊ ህዋሶችም እርስ በርስ ተቆላልፈው ቱቦውን ለሁለት ከፍለውታል። አላፊው ህዋስ ወደ ውስጥ ሲሻገር፣ የፊቱ በር ሳይከፈት ከኋላው ሌላ በር ይዘጋል።

ይህ ለሐረር ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የጫት ገበያዋ አወዳይ ከከተማዋ ቅርብ ናት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተሰጣቸው አይጦች የዘር ህዋሳቸው ቁጥር እንደሚቀንስና የዘር ፍሬያቸው እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1990 በሳውዲ ዓረቢያ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ጥያቄው ግን የእኛ ነው። ጉዳቱን መለየት የሚችለው ደግሞ ጤናማውን ሥራ ዙር በዙር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሐረር ላይ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ማይክሮስኮፕ የምታዩ ተማሪዎች ሆይ፣ ስላይዱን ለፈተና ብቻ አትመልከቱት። የእናቶቻችሁን ስፌት በምታዩበት ዓይን፣ ዙሩን እየቆጠራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት።