የንግሥቲቱ ባትና የገረዲቱ ገንቦ

የሳባዋ ንግሥት የብርጭቆውን ወለል ውኃ መስሏት ባቷን ገለጠች፤ ሱረቱ አን-ነምል (27፡44) ስለ አካሏ ከዚህ ያለፈ አይናገርም። ጠጉራም እግሯንና የሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ነቀፋ የሚተርከው የመጽሐፈ አስቴር የአራማይክ ትርጓሜ የሆነው ታርጉም ሼኒ ነው። ዘመኑ አከራካሪ ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ዘገባ በተፍሲሮቻችን ሰፍሯል፤ እኔም በመድረሳ ሳለሁ የቁርኣን ቃል መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም እዚህ ሐዋሳ ሲነገር እሰማለሁ። ኢብኑ ከሲር (የሞተው በ774 ሂጅራ) ግን እንዲህ ያሉ ትረካዎች ከመጽሐፉ ሰዎች የተወሰዱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አመልክቷል።

ይህ ግን የረቢዎችን ሥነ ጽሑፍ በጅምላ ለመንቀፍ አያበቃም። በታልሙድ (ከቱቦት 104) ረቢ የሁዳ ሃናሲ ሲያጣጥር፣ ሊቃውንቱ በጸሎት ሞቱን አዘገዩ። ስቃዩን ያስተዋለችው ገረዱ ነበረች፤ ከሰገነት ገንቦ ወረወረች፣ ጸሎቱ ለአፍታ ተቋረጠ፣ እርሱም ዐረፈ። ተራኪው አይወቅሳትም። ስሟን ግን አልነገረንም፤ በአገራችን ትውፊት የዛጉዌ እናት የምትባለው የንግሥተ ሳባ ገረድም እንዲሁ ስም የላትም።

የንግሥቲቱን ስም ቁርኣንም አልጠቀሰም፤ ቢልቂስ ያሏት ተራኪዎች ናቸው። ንግግሯን ግን መዝግቦታል፦ እጅ የሰጠችው ለሱለይማን ሳይሆን ከሱለይማን ጋር ለአላህ ነው። ሰባኪዎቻችን በእግሯ ጠጉር ላይ ሲቆዩ «ጋር» የምትለውን ቃል ያልፏታል።