ቬንትሌተር ያላስፈለገው ቤት

ኤሲ ልትገዙ ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ከሆነ ቆይ፣ መጀመሪያ ስሙኝ! ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የጭቃ ቤት አይቼ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በወሬው እያሰለቸሁ ነው። መጋቢት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አስፋልቱ ይጋረፋል። ደጃፉን አልፌ ቁጭ ስል ላቤ ደረቀ!

«እማማ፣ ቬንትሌተር አለዎት እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ምን ያደርግልኛል ልጄ! ማታ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ጠዋት እዘጋለሁ፤ በቃ።»

በቃ ይበሉ እንጂ ሚስጥሩ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በበጋ ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስደርባል። ይህ ብርድ በነፃ የሚታደል ሀብት ነው፤ የሚያስፈልገው ይዞ የሚያቆይ ግድግዳ ብቻ ነው። የእማማ ግድግዳ ከስንዝር ይወፍራል፦ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተና በእግር የተረገጠ ጭቃ፣ ከላዩ ምርጊት። መዳፌን ባስጠጋው ገና ቀዝቃዛ ነው! ውጭ ያለው ሙቀት ይህን ግድግዳ ዘልቆ እስኪገባ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሽቷል፣ መስኮቱም ተከፍቷል።

ጣሪያው ግን ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። ቆርቆሮው ራስ ላይ የሚያርፍበት ኪራይ ቤት የኖረ ሰው ቀትርን ያውቃታል። እዚህ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ በሁለቱም ጫፍ የወንፊት ሽቦ የተመታበት ቀዳዳ ተትቶለታል። የጋለው አየር በዚያ እየሾለከ ይወጣል፣ ወደ ቤት አይወርድም። ቆርቆሮው ደግሞ ነጭ ተቀብቷል! የሚያብረቀርቅ አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይን ቢመልስም አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ የዛገው ጭራሽ ይጠጣዋል። ነጩ ቀለም ፀሐዩንም ይመልሳል፣ ሙቀቱንም ወደ ሰማይ ይለቃል።

ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ አንድ ሜትር ሊሞላ ምን ቀረው? ጭቃ የክረምት ዝናብ ስለሚፈራ ነው እንዲህ የረዘመው። ግን ዝናብ ሊከለክል የወጣው ክዳን በጋ ሲሆን ግድግዳውን ጥላ ያለብሰዋል! አንድ ወጪ፣ ሁለት ጥቅም። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዞረዋል። በኛ ሰማይ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ሁልጊዜም ከፍ ብላ ስለምትሄድ የክዳኑ ጥላ ይበቃታል። አስቸጋሪዋ አዘቅዝቃ የምትገባው የማታዋ ናት፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ አንድም መስኮት የለም።

ጭቃ የድሃ ነው የምትሉ፣ ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ ሉክሶር አጠገብ አንድ መንደር በጭቃ ጡብ ሠርቶ በዓለም ታውቋል። እዚሁ ልደታ፣ ሰው ሕንፃ ኮሌጅ የሚለው ተቋምም ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ሠርቷል።

እርግጥ ምስጥ አለ፤ እርጥበትም ከሥር ይመጣል። የድንጋይ መሠረት ካልተደረገለት ቤቱ ዕድሜ የለውም፤ ምርጊቱም መታደስ ይፈልጋል። ደግነቱ ግማሹ ብልሃት ጭቃ አይጠይቅም፤ በብሎኬት የምትሠሩም ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ግንበኛውን አስቁሙና የጣሪያው ሙቀት በየት እንደሚወጣ ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ አየር ጤና ይዛችሁት ኑ፣ እማማ ያሳዩታል!