በሞግዚት የሚነበብ ፍልስፍና

የእኛ ሰው ፈላስፋ መጥቀስ ይወዳል። ጋዜጣ ግለጡ፣ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኙ፣ ወይም ከቡና ቤቶቻችን በአንዱ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ «ኒቼ እንዳለው»፣ «ሄግል እንደሚለው»፣ «ካንት ሲናገር» የሚል ሳትሰሙ አትወጡም። ጥቅሱ ደግሞ የሚመጣው ክርክሩ ሲከር ነው። ተከራካሪው መልስ ሲያጣ አንድ ጀርመን ይጠራል። ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይናገራል?

እኔን የሚገርመኝ መጠቀሱ አይደለም፤ ጥቅሱ የመጣበት መንገድ ነው። ጀርመኑ የጻፈውን እንግሊዙ ተረጎመው፤ የእንግሊዙን ትርጉም አንዱ ለተማሪዎች አሳጠረው፤ ያጠረውን የእኛ ሰው ወደ አማርኛ መለሰው። እንዲህ እጅ በእጅ የዞረ ዕቃ መርካቶ ውስጥ እንኳ «ልባሽ» ይባላል። ፍልስፍና ሲሆን ግን «ምሁራዊ» እንለዋለን።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ሐሳቡ ከተላለፈ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። ጀርመንኛን ለማንበብ ያህል ስማር ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም መዝገበ ቃላቱ ከጎኔ አይለይም። የጎደለውን ግን በዐይኔ አይቻለሁ። ሦስት ቃል ብቻ ላንሣ።

አንደኛው «ቡርገርሊሽ» ነው። ሄግል እ.ኤ.አ. በ1820 ባወጣው የሕግ ፍልስፍና መጽሐፉ በቤተሰብና በመንግሥት መካከል ያለውን የኑሮ መስክ፣ ማለትም ሰው የሚሸጥ የሚለውጥበትን፣ በማኅበር የሚደራጅበትን፣ «ቡርገርሊሸ ገዘልሻፍት» አለው። ማርክስም ሄግልን ሲተች ይህንኑ ቃል ተቀበለ። እንግሊዝኛው ግን ቃሉን ለሁለት ሰነጠቀው፤ አንዴ «ሲቪል»፣ ሌላ ጊዜ «ቡርዧ» ይለዋል። ለእኛ የደረሱን እነዚህ ሁለት ቁርጥራጮች ናቸው። በ1960ዎቹ «ቡርዧ» ሰው የሚያስወነጅል ስድብ ሆነ። በ1990ዎቹ ደግሞ «ሲቪል ማኅበረሰብ» የዓውደ ጥናት መክፈቻ ምርቃት ሆነ። አባቶች የረገሙትን ልጆች መረቁት፤ ሥሩ አንድ መሆኑን ስንቶቻችን ጠረጠርን? ገበያውና ነፃው ማኅበር በአንድ ቃል ሲጠሩ ጥያቄ ይወለዳል፤ አንዱን ያለ ሌላው ማግኘት ይቻላል ወይ? ቃሉ ሲሰነጠቅ ጥያቄውም አብሮ ጠፋ። ይኼ የሰዋስው ጣጣ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በስያሜ ምክንያት ሰው ሞቷል።

ሁለተኛው «አውፍሄበን» ነው፣ የሄግል ፍልስፍና መዘውር። ማንሣት፣ መሻር፣ ማቆየት፤ ሦስቱንም ይላል። ሄግል ራሱ በሎጂክ መጽሐፉ ውስጥ፣ አንድ ቃል መሻርንም ማቆየትንም አጣምሮ በመያዙ ደስታውን አልደበቀም። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ጨንቋቸው ከላቲን «ሰብሌት» የሚል፣ ማንም በቤቱ የማይናገረውን ቃል ጎትተው አመጡለት። አማርኛስ? ድንጋይ ይነሣል፤ ሹም ከሥልጣኑ ይነሣል፤ የሰዓት እላፊ ይነሣል፤ የሞተ ሰው ስም ይነሣል፤ የተረፈ እንጀራም «ለማታ አንሺው» ይባላል። እናቶቻችን ማዕድ ባነሡ ቁጥር ሄግልን ሳያውቁት ይሠሩታል እኮ! በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣው ምሁራችን ግን የቤቱን ቃል ትቶ «ሰብሌሽን» እያለ ያስጨንቀናል።

ሦስተኛው የካንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 «አውፍክሌሩንግ»፣ የአእምሮ መብራት እንበለው፣ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ አጭር መልስ ጽፎ ነበር። ሰው የሚወጣበትን ጨለማ «ኡንሙንዲሽካይት» ይለዋል። እንግሊዝኛው «ኢማቹሪቲ» ሲለው አለመብሰል ይመስላል፤ ጥሬ ሙዝ ዓይነት። ጀርመንኛው ግን የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ አካለ መጠን አለመድረስ፣ በራስ መዋዋል አለመቻል፣ ሞግዚት ማሻት። ካንት ሞግዚቶቹንም አይምርም፤ በእሱ ፈንታ የሚያስብለት መጽሐፍ ስላለው ለምን እንደሚደክም የማይገባውን ሰው ይሸረድደዋል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህንኑ ጽሑፍ በሦስተኛ እጅ ተቀብሎ «ካንት እንዳለው» የሚለን ሰው ምን ይባል?

ተርጓሚን መንቀፌ አይደለም። ያለ እነርሱ ድካም እነዚህን ስሞችም ባልሰማን። ሁሉም ሥራውን ጥሎ ጀርመንኛ ይቁጠርም አልልም። ቋንቋው ያደክማል፤ ወንድና ሴት አልበቃ ብሎት ሦስተኛ ጾታ ጨምሯል፤ ካንትን ሲያነቡ ጀርመኖቹ ራሳቸው ያቃስታሉ። ቢሆንም እኛ የምንቀልበት ቦታ አለ። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1880 በዚህ ቋንቋ ላይ ሲሳለቅ፣ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ግስ አልማረም። አማርኛ ተናጋሪ ግን ግስ ሲጠብቅ ነው ያደገው!

ዛሬ ጀርመንኛ የሚማር ወጣት አላጣንም። አንዱ ትዳሩ ጀርመን ነውና ለቪዛው ኤ1 ፈተና ይዘጋጃል፤ ሌላዋ የነርስነት ሥልጠና ታስባለች። ይቅናቸው፣ እንጀራ ነው። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፤ ፈላስፋ ጠቃሾቻችንን እዚያ ክፍል ውስጥ አላየኋቸውም።

በተቃራኒው የሄደ ሰው ነበር። የኤርፈርቱ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። ግዕዝም አማርኛም ከእሳቸው ተማረ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ። ሰውየው ኢትዮጵያን በእግሩ ሳይረግጥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ስለ እኛ ሌሎች የጻፉት ይበቃኛል አላለም። የእኛን ነገር ከእኛው አፍ ሊሰማ ፈለገ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አበው። የሰው ጥቅስም እንዲያው ነው። ሁላችን ባንችል እንኳ ጥቂቶቻችን ከምንጩ ለመጠጣት ካልደከምን፣ አካለ መጠን ሳንደርስ እንሸብታለን።