ፖስቼዋለሁ

ፌስቡክ ወደ አማርኛ ካስገባቸው ቃላት ሁሉ እንደ «ፖስቼዋለሁ» ያማረ ሥራ አላየሁም።

ላይክ፣ ሼር፣ ታግ፣ ብሎክ እንደመጡ ቀርተዋል፤ የሚረባላቸው «አደረገ» ነው። ላይክ አደረገ፣ ብሎክ አደረገችኝ። «ፖስት አደረገ» የሚልም አለ፤ ቃሉ ግን በዚያ አላበቃም፣ ራሱን ችሎ ረባ። ፖሰተ፣ ይፖስታል፣ ተፖሰተ፣ አስፖሰተ። በፊደል ገበታ መጨረሻ ላይ ያለችው ፐ የግስ መነሻ ሆነች! አናባቢውም ሳይነካ ልክ እንደ «ሞከረ» ተቀመጠ።

እስቲ «ፖስቼዋለሁ»ን ቀረብ ብለን እንየው። «ት» የት ገባ? «ከፈተ» ከሚለው «ከፍቼዋለሁ» እንደሚወጣ ሁሉ እዚህም «ች» ሆነ። ሴት ስትታዘዝም «ፖስቺው» ትባላለች። የለጠፍኩት እኔ መሆኔ፣ የተለጠፈው ነገር፣ ድርጊቱም ያለቀ መሆኑ በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ናቸው። ይበልጥ የሚደንቀኝ ደግሞ «ፖሰተ» ሲባል «ሰ» መጥበቁ ነው። ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይም፤ ቃሉ ደግሞ የኖረው በአብዛኛው በጽሑፍ ነው። ሆኖም ድምፁን አውጥቶ ያነበበ ሁሉ ያጠብቀዋል። ይህን ሕግ ማንም ቁጭ ብሎ አላወጣውም፤ ኮመንት ሲጽፉ የሚያመሹ ልጆች ሰዋስው እየሠሩ መሆናቸውን እንኳ ልብ አላሉም።

ብሎግ ጻፈ ማለት የሆነው «ጦመረ» ደግሞ በሌላ እጅ የተሠራ ነው። ደብዳቤ፣ መልእክት ማለት ከሆነው ከግዕዙ «ጦማር» ወጥቶ ጦማሪ፣ ጡመራ እያለ ረባ፤ «ሙከራ» በወጣበት መንገድ «ጡመራ» ወጣ። በሚያዝያ 2006 ዞን ዘጠኝ የተባለው ቡድን ስድስት ጦማሪያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ፣ ኢንተርኔት ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ቃሉን ከዜና ሰማው። ጥርት ያለ፣ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እወደዋለሁ።

ግን ላወዳድር ካልኩ «ፖሰተ» ይበልጥብኛል። «ጦመረ» ከብሎግ ጋር ታስሮ ቀረ። «ፖሰተ» ከፌስቡክ ተነሥቶ ቴሌግራም ገባ፣ ቲክቶክ ገባ። ዛሬ ነጋዴው የጫማ ዋጋ ይፖስታል፣ ተማሪው ያለፈውን ዓመት ፈተና ይፖስታል፣ እናትም የልጇን ምርቃት «ለምን አልፖሰትሽውም?» ብላ ትጠይቃለች።