ሲሚንቶ የበላው ግቢ

እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ «ግቢ ሊሳመር ነው» ሲባል መጀመሪያ በር ላይ የሚራገፈው ሲሚንቶ ነው። ቀጥሎ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ ሴራሚክ ይከተላል። ተክል የሚታሰበው፣ ከታሰበ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መትከያ መሬት የለም። ታዲያ ምን ችግር አለ? መርካቶ ጎራ ብሎ የፕላስቲክ ሳር በሜትር አስለክቶ መምጣት ነዋ! አጥሩ ላይም የፕላስቲክ ቅጠል ይለጠፋል። እንግዳ መጥቶ «ውይ፣ እንዴት አምሯል!» ይላል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ አለቀ።

መቼም በሲሚንቶ ላይ በጭፍን የሚፈርደው ጭቃ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ቦሌና አቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ጫማ ከእግር ያወልቃል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ልጆች ያሳደገች፣ ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት «ግቢው ይደፈንልኝ» ብትል እውነቷን ነው። ከውጭ በር እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ ማድ ቤት መሄጃ ይሠራ፤ ማን ከለከለ? የእኔ ጥያቄ ስለቀረው ነው። ማንም የማይረግጠው የአጥር ጥግ፣ መኪና የማይደርስበት የጓሮ ክፍተት፣ ከመስኮት ሥር ያለችው አንድ ክንድ መሬት ሳትቀር ለምን ትታሸጋለች? ሠራተኛው «አንዴ ሚክሰሩ መጥቷል፣ ሁሉንም እንጨርሰው» ስላለ? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከዚህ አይርቅም።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 100 ካሬ ሜትር ግቢ ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ነው እንበል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 1,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 5 ማለት ነው። ለሐምሌ ከሰዓት በኋላ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ዝናብ አይደለም። አፈር ቢሆን ድርሻውን ይጠጣ ነበር። ሲሚንቶ ግን ያስተላልፋል። ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ ቁልቁል ታች ቤት ይገባል። የታች ቤቱ ሰውዬ ሁለት ክረምት ይታገሳል፣ ይጣላል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው እሱም ግቢውን ደፍኖ፣ የበሩን ደፍ ከፍ አድርጎ ውሃውን ለቀጣዩ ያሳልፈዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ቁልቁለት አታጣም። እንዲህ ሐምሌ ላይ ውሃ ሲገፋፉ የከረሙ ጎረቤታሞች ጥር ላይ ምን ሲሉ ታገኟቸዋላችሁ? «እናንተ ጋ ውሃ መጣ እንዴ?»

በረንዳውም ያው ነው። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች የጣውላ በረንዳ ሰው የሚውልበት ነበር፤ ቡና ይፈላበታል፣ ምስር ይለቀምበታል፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሰላምታ ይሰጡበታል። የዛሬው የሚሠራው ለፎቶ ይመስላል። ለሳሎን የተሠራ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ይነጠፍበትና የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው መንሸራተቻ ይሆናል። ለደጅ የሚሆነው ፊቱ ሻካራው ነው። ግን አያብለጨልጭማ! እማማ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ሲሰበር «የሰው ዓይን ነው» ይባላል። የሴራሚኩን ስም የሚያነሳ የለም።

የምር ተክል የሚያሳድግ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ሰርቪሷ ዘንድ ዝለቁ። ተከራይዋ የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጣ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ሥሩን በምስማር በስታ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ቆስጣ ደርድራለች። ቆስጣውን ከውጭ በኩል ቅጠል ቅጠሉን እየቆረጠች ለምሳ ትሠራዋለች፣ ተክሉ ከመሐል ያቆጠቁጣል። ፀሐይ ሲዞር ጣሳውን ታዞራለች። አከራይዋ ደግሞ፦

«አንቺ፣ ይሄን ቆርቆሮሽን አንሺልኝ፤ ግቢውን አቆሸሽው እኮ!»

«እትዬ፣ ጥግ ነው እኮ ያስያዝኩት፤ ማንንም አያደናቅፍም።»

«እንግዳ ሲመጣ ምን ይለኛል?»

ይነሳል። ያው እንግዳ እሑድ ቡና ላይ ጤና አዳም ሲያምረው ማን በር እንደሚንኳኳ ታውቁታላችሁ። ተከራይ በዚህች ከተማ ጣሳ ላይ የሚተክለው ወዶ አይደለም፤ ሲያስነሱት ይዞት እንዲሄድ ነው። ጌሾ ዓመታት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጌሾ አይተክልም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጎለታል። ስለ ጣሳው ግን ያለው ነገር የለም።

ገንዘብ ያለው ጀማሪ አትክልተኛም አለ። ቅዳሜ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ያበበውን፣ የደመቀውን ይመርጣል። ለመተከል የሚመቸው ገና እንቡጥ ያልያዘው ነው፤ እሱ ግን ማታ ለሚመጣ እንግዳ ነው የሚገዛው። ማስቀመጫው ሲያዩት ያምራል፣ ሥሩ ግን አልተበሳም። ጠዋትና ማታ ውሃ ይሞላበታል፤ ሥሩ ይታፈናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፤ «ጠምቶት ነው» ተብሎ ይጨመርለታል። ሲሞት «የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም» ብሎ ወደ ፕላስቲኩ ይዞራል። እጁ ምንም አልሆነም፤ የጎደለችው ጣት የምታክል ቀዳዳ ናት። ኅዳር ላይ በሶብላው በውርጭ ሲጠቁርበትም እንዲሁ ይደነግጣል። የበሶብላ ወጉ ነው እኮ! ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፣ ብርዱ ሳይመጣ ይቆረጣል፣ ደርቆ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ይገባል። ይህን ለማወቅ ሰርቪሷን ማንኳኳት ይበቃ ነበር፤ ግን አከራይ ተከራዩን ምክር ሲጠይቅ የት አየን?

ከተማዋ በበኩሏ በ2016 ዓ.ም በጀመረችው የኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶችን ዳርና ዳር ሳርና አበባ አልብሳለች። ማምሻውን ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ይወጣል። ግቢያቸው ከአጥር እስከ አጥር የተደፈነባቸው ልጆች አረንጓዴ ሲያዩ ሮጠው ይገባሉ፤ ጥበቃው ፊሽካውን ይነፋል። «ሳሩን አትርገጡ!» እናት ቶሎ ብላ እጃቸውን ትጎትታለች። ትንሹ ግን ቁጢጥ ብሎ ሳሩን በጣቱ እየነካካ፣

«እማዬ፣ ይሄኛው እውነተኛ ነው?» ይላል።